እንጨት ነው ወይስ ጠመንጃ?

የአጎቴ ልጅ አናጢ ነው። መካነ ሰላም ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ክፉ ቀን ሲመጣም የሬሳ ሣጥን ይሠራል። ከዚህ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ሰደፍ ይጠርባል። ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። የአያት ምንሽር ወይም የቅድመ አያት ውጅግራ ሰደፉ ሲሰነጠቅ፣ ምስጥም ሲበላው፣ ባለቤቱ ከወግዲም ይምጣ ከከላላ፣ ከሳይንትም ይምጣ ከለጋምቦ፣ የሚያርፈው እሱ ደጅ ላይ ነው። ብረቱን በእጁ አይነካም። ሰውዬው ብረቱን ፈትቶ ቤቱ ያስቀምጥና አሮጌውን እንጨት ብቻ ይዞለት ይመጣል። እሱም በዚያ ልክ ዋንዛ መርጦ፣ በመጥረቢያ አቅንቶ፣ በመሮ ፈልፍሎ፣ በሞረድ አለስልሶ ይሰጠዋል። «ብረቱ የሰውዬው፣ እንጨቱ የኔ» ይላል። ይቺ አባባሉ ለብዙ ዘመን እንደ ቀልድ ነበር የምትታየኝ።

በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ሁለት ሰደፍ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ደሴ ላለ ደንበኛው ሊያደርስ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገድ ላይ አንድ ኬላ አለ፤ ስሙን ተዉት። ተሳፋሪው ወረደ፣ ተፈተሸ፣ ማዳበሪያው ተፈታ። የቀረውን እሱ እንደ ነገረኝ ልጻፈው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰደፍ ነው።»

«የምን ሰደፍ?»

«የጠመንጃ ነዋ። የምን ሊሆን?»

«በቃ! የጦር መሣሪያ ይዘህ ነው የምትሄደው።»

«ኧረ ጌታው፣ እንጨት ነው የያዝኩት።»

«አሁን የጠመንጃ ነው አላልክም?»

ብሏል። ምን ያድርግ? ዋሽቶ «የመጥረቢያ እጀታ ነው» ቢል ይሻለው እንደነበር ኋላ አብረውት የታሰሩት ሰዎች መክረውታል። እውነት ተናግሮ ዘጠኝ ቀን ተኛ። በዐሥረኛው ቀን «ሂድ» ተባለ። ክስ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ይቅርታ የለም። ሁለቱ ሰደፎች ግን «ለምርመራ» ቀሩ። ምኑ እንደሚመረመር እግዜር ይወቀው!

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሕግ ያውቃሉ የምላቸውን ሦስት ሰዎች በስልክ አስቸገርኩ። አንደኛው «የመሣሪያ ዕቃ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል፤ ይከሰሳል» አለኝ። ሁለተኛው «አፈሙዝ የሌለው ነገር መሣሪያ አይባልም፤ ዛሬ ነገ ይፈታል» አለኝ። ሦስተኛው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ማን ያዘው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳስበው ሕጉ በትክክል የገባው ሦስተኛው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ጠቤ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ከፖሊሱ ጋር አይደለም። ያ ልጅ ዕድሜው ከሃያ ሦስት አይበልጥም፤ «መሣሪያ እንዳያልፍ» ተብሎ ነው የቆመው፤ መሣሪያ የቱ ድረስ መሣሪያ እንደሆነ የነገረው የለም።

ይህን ጽሑፍ እንደማሰናዳ የሰማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ (ሥነ ጽሑፍ ጀምሮ ኋላ ወደ ሕግ የሸሸ ብልህ ልጅ ነው) «ጋሼ፣ አገር በጥይት እየታመሰ አንተ ስለ ሰደፍ ትጽፋለህ?» አለኝ። አዎ፣ እጽፋለሁ። አገር በጥይት ሲታመስ ነው እኮ ሰው በሰደፍ የሚታሰረው! ሰላም በሆነ ጊዜማ ያ ፖሊስ እንጨቱን ገለባብጦ አይቶ «ጥሩ እጅ አለህ» ብሎ ባሳለፈው ነበር።

አዋጁ አያስፈልግም የሚል ሞኝ አይደለሁም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲወጣ ከደገፉት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በዋናነት የነበረን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 481 በመሣሪያ የሚነግደውን፣ አንቀጽ 808 የደንብ መተላለፉን ይዘው ይኖሩ ነበር። ክላሽ እንደ ሽንኩርት በሚቸበቸብበት ዘመን ይኼ አልበቃም፤ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ያሰረ፣ ያለ ፈቃድ ማዘዋወርንና መነገድን አጥብቆ የሚቀጣ፣ በልማድ ታጥቆ ለኖረውም የሚያስመዘግብበት ጊዜ የሰጠ ሕግ መምጣቱ ደግ ነገር ነው። በየፍርድ ቤቱ ዜና «አንቀጽ 22» የምትለዋን የምትሰሙት ከዚሁ አዋጅ ነው። ችግሩ አዋጁ ከነጋሪት ጋዜጣ ተነሥቶ ኬላው እስኪደርስ ድረስ የሚደርስበት ነገር ነው። ትርጓሜው፣ ንዑስ አንቀጹ፣ «ካልሆነ በስተቀር»ው ሁሉ መንገድ ላይ ይራገፍና ኬላው ላይ «የጦር መሣሪያ» የምትል ሁለት ቃል ብቻ ትደርሳለች። በዚያች ሁለት ቃል ማንም ይታሰርባታል።

አንድ ጠመንጃ ፈትታችሁ ምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልጅነቴ የአባቴ ምንሽር ለፋሲካ ሲወለወል አይቻለሁ። በርሜሉ አለ። ጥይቱን የሚያጎርሰውና የሚዘጋው ቃታ አለ። ቃታውን አቅፎ የያዘው የብረቱ ገላ አለ። ምላጩ አለ። ከዚያ እንጨቱ፣ ማንገቻው፣ የመወልወያው ዘንግ፣ የዘይቷ ብልቃጥ አለች። አባቴ ቃታውን አውጥቶ ሌላ ቦታ ይቆልፍበታል፤ ሰደፉን ግን እኛ ልጆቹ እንድንወለውል ይሰጠናል። ያ ያልተማረ ሰው ሕግ አውጪ ነበር ማለት ነው! የቱ ዕቃ እንደሚገድል፣ የቱ ዕቃ ልጅ ቢይዘው ምንም እንደማይል ለይቶ ያውቅ ነበር።

የዓለም ሕግም ከአባቴ ሩቅ አልሄደም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል «የመሣሪያ ክፍል» የሚለውን ሲተረጉም፣ ለመሣሪያው ተብሎ የተሠራ፣ ያለ እሱም መሣሪያው የማይሠራ ነገር ነው ይላል። ከዚያ በርሜልን፣ የብረቱን ገላ፣ ቃታን፣ የሽጉጥን ተንሸራታችና ተሽከርካሪ በስም ይጠራል፤ ድምፅ ማፈኛንም ይጨምራል። ሰደፍ ስሙ አልተጠራም። ሚዛኑ ግልጽ ነው፦ ያለ እሱ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም? ሰደፉ የወለቀ ጠመንጃ ትከሻ ይሰብር ይሆናል እንጂ ይተኩሳል። ቃታ የሌለው ጠመንጃ ግን ዱላ ነው።

ለዚህ ነገር ከኛ ከወሎዎች በላይ ማስረጃ ያለው አለ ብዬ አላምንም። መቅደላ ጎረቤታችን ነው። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የፈጀው የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናይደር የሚባል ጠመንጃ ነበር። ታዲያ ስናይደር ማለት ምን መሰላችሁ? አዲስ ጠመንጃ አይደለም። በአፉ የሚጎርሰውን አሮጌውን ኤንፊልድ ወስደው፣ ሰደፉን ሳይለውጡ፣ በርሜሉንም ሳይለውጡ፣ የኋላውን ብቻ ቆርጠው ጥይት የሚገባበት በር አበጁለት። በቃ! ያቺ በር ናት የጎዳችን። የኛ ሰው አንዴ ተኩሶ ባሩድና አረር በዘንግ እስኪጠቀጥቅ ድረስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከነሱ ወገን በቁስል የሞተው ሁለት ሰው ነው፤ ከኛ በመቶዎች። እንጨቱ ያው የድሮው እንጨት ነው። አገራችንም ነገሩ ገብቷት መሣሪያውን «ስናድር» ብላ በስሙ ያዘችው።

ወዲያው ደግሞ አውሮፓውያን በዚሁ ልዩነት ሕግ አወጡብን። እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው አፍሪካ ውስጥ ከ20ኛው የሰሜን ኬክሮስ እስከ 22ኛው የደቡብ ኬክሮስ ድረስ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማሙ። ግን ሁሉንም አልከለከሉም። በርሜሉ ውስጡ ልሙጥ የሆነውን፣ በባልጩት የሚተኮሰውን ፈቀዱ፤ ውስጡ የተጠማዘዘ ቦይ ያለውን፣ ዒላማ የማይስተውን ከለከሉ። አያችሁ ብልጠታቸውን? «ጠመንጃ» ብለው በጅምላ አልጻፉም። የቱ ጠመንጃ እነሱን እንደሚመታ፣ የቱ ጠመንጃ እርስ በርሳችን ብቻ እንደሚያፋጀን በበርሜሉ ሆድ ለይተው ጻፉ። በዚያ ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክዬ ገብቻለሁ ያለችው ደግሞ ጣልያን ናት። በምን ሥልጣን? በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነዋ! ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ናት፤ ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘና ያቺ አንዲት ግሥ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ አወረደችን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «መምህር፣ በአንድ ቃል ምን ያጨቃጭቅዎታል?» ለሚሉኝ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንኑ ነበር።

አሁን ደግሞ አሜሪካኖቹን እንያቸው። እነሱ በሰደፍ የተጨቃጨቁትን ያህል እኛ በመሬት ተጨቃጭቀን አናውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጡት ሕግ አለ፤ አሁን ባለው መለኪያ በርሜሉ ከ16 ኢንች ያጠረ ባለ ሰደፍ ጠመንጃ በልዩ መዝገብ መስፈር አለበት። ሽጉጥ ግን አይገደድም። በ2012 አካባቢ አንድ ሰው እጁ ለተጎዳ የቀድሞ ወታደር ብሎ ሽጉጡን ክንድ ላይ አስሮ የሚይዝ ድጋፍ ሠራ። ድጋፉ ከሩቅ ሲታይ ቁርጥ ሰደፍ ነው። ጉዳዩ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ሄደ (መጠጥና ጠመንጃን አንድ ቢሮ ማስቀመጣቸው ብቻውን አስተዋይነት ነው)። ቢሮው «ይኼ ሰደፍ አይደለም» አለ። በ2015 ተመልሶ «ትከሻ ላይ ካስደገፋችሁት ግን ሰደፍ ሆነ» አለ። በ2017 «ግዴለም፣ አልፎ አልፎ ትከሻ ቢነካም ምንም አይደል» አለ። በ2023 አብዛኞቹን ሰደፍ ናቸው ብሎ ደንብ አወጣ። በ2024 አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው።

መጀመሪያ ሳነበው ስቄያለሁ። ክንድ ላይ ሲሆን ሽጉጥ፣ ትከሻ ላይ ሲሆን ጠመንጃ! ቆይቼ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ሰዎቹ የሚሉትን ልብ በሉልኝ። ነገሩ አስቂኝ ቢሆንም በጽሑፍ ነው። ባለመሣሪያው «ትናንት ተፈቅዷል ብላችሁኛል» ብሎ ደብዳቤ ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል። የኔ ዘመድ ምን ይዞ ይቁም? ማዳበሪያውን?

እርግጥ ቃል መሰንጠቅ ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ ይኼንንም ልናገር። በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ላይ ሆኖ 60 ሰው የገደለው፣ መሣሪያውን እንደ መትረየስ የሚያስጎርር ልዩ ሰደፍ ገጥሞ ነው። መንግሥት ያንን ሰደፍ ከለከለ። በ2024 ሰኔ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ስድስት ለሦስት ሆኖ ክልከላውን አነሣው፤ ምክንያቱ ደግሞ ምላጩ በአንድ መሳብ አንድ ጥይት ነው የሚተኩሰው፣ ስለዚህ በሕጉ ቃል መትረየስ አይባልም የሚል ነው። ስድሳ ሬሳ ፊት ቆሞ ስለ ምላጭ እንቅስቃሴ መመራመር የሕሊና ጉዳይ ነው፤ እኔ ከሦስቱ ዳኞች ጋር ነኝ። ይኼ ሰደፍ የአጎቴ ልጅ የሚጠርበው ዓይነት እንጨት አይደለም። ሥራው ትከሻ ማሳረፍ ሳይሆን ጥይት ማብዛት ነው። ዕቃው ምን ተብሎ ተጠራ ሳይሆን ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ወደ ራሳችን ልመለስና የሚያስቆጣችሁን ነገር ልናገር። ሰደፍ ብቻውን እንጨት ነው ብያለሁ፤ ብረት ላይ ሲገጠም ግን የመሣሪያውን ጠባይ ይለውጣል። ታጣፊ ክላሽን የማያውቅ የለም። ከባለ እንጨቱ ጋር አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ አንድ ዓይነት ይገድላል። ልዩነቱ ሰደፏ ብረት ሆና ወደ ሆድ መታጠፏ ብቻ ነው። ታዲያ ምን አመጣች? ጋቢ ውስጥ ገባች! የኛ አገር ደጋ ነው፤ ለጋምቦ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጋቢና ባና ተደራርቦ ይለበሳል። ድሮ ሰው ለቅሶ ሲመጣ ጠመንጃው ከጭንቅላቱ በላይ ከሩቅ ይታያል። ሽምግልና ሲቀመጥ ከግንዱ ላይ ያስደግፈዋል። ሽማግሌዎቹ ስንት ግንድ ስንት ጠመንጃ እንደቆመ በዓይናቸው ቆጥረው ነበር ነገር የሚጀምሩት። የሚታይ ጠመንጃ ባለቤቱን ያሳፍራል፤ ሰው ፊት ስለሆነ ይጠየቅበታል። ታጣፊዋ ከመጣች ወዲህ ግን ዋርካው ሥር ማን ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ሽማግሌውም «ይቅር ተባባሉ» ሲል ጋቢ ጋቢውን እያየ ነው።

ስለዚህ ሕጉ መለየት ያለበት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ብትኑን ዕቃ፦ የሚያስተኩሰውን ከማያስተኩሰው። ሌላ ጊዜ የተገጠመውን፦ የሚታየውን ከሚሸሸገው። ፈቃድ ሲሰጥ የብረቱ ቁጥር ሲመዘገብ «ሰደፉ የእንጨት፣ የማይታጠፍ» ወይም «ታጣፊ» ተብሎ አብሮ ቢጻፍ ምን ይከብዳል? ታጣፊ ይዞ ገበያና ለቅሶ መሄድ የባሰ ቢያስጠይቅ ማን ይጎዳል? የአጎቴ ልጅስ ሥራ «ጥገና» ነው ወይስ አናጢነት? ጥገና ከሆነ «ፈቃድ አውጣ» ይበሉትና ያውጣ፤ ፎቶ ይነሣል፣ ግብር ይከፍላል፣ ምን ገዶት! አናጢነት ከሆነ ይተዉት። ሰውዬው የለመነው ነጻነት አይደለም፣ መልስ ነው።

እሱ ከታሰረ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙኝ። ጥር ላይ በሰደፍ ታሰረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ጦርነቱ ወደ ክልሉ ሲገፋ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር የመንግሥትም ይሁን የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲከት ጥሪ አደረጉ። በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ መካነ ሰላም ውስጥ የዚህ ሰው ቆርቆሮ ቤት ደጅ ላይ ወረፋ ነበር። «ቶሎ በል፣ ሰደፌ ተሰንጥቋል፣ ነገ እዘምታለሁ» የሚል ሰው ወረፋ። ሌሊት በፋኖስ ሲጠርብ ያድር እንደነበር ሚስቱ ነግራኛለች። ያኔ ማንም መጥቶ «ይኼ የጦር መሣሪያ ነው» አላለውም፤ እንዲያውም ሻይ አመጡለት። ከዚያ በሐምሌ 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ እስከ 2016 ግንቦት ማብቂያ ቆየ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መፈተሽ ተፈቀደ፤ ያ እንጨት እንደገና ወንጀል መስሎ ታየ። እንጨቱ አልተለወጠም፤ በአንዱ ዓመት እስር፣ በአንዱ ዓመት ሻይ፣ በአንዱ ዓመት ፍርሃት። አዋጅ 1177 በነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው አዋጅ 1177 ነበር።

«ሕዝቡ አይገባውም» የሚሉኝ አሉ። ምን አይገባውም? ይኼ ሕዝብ እኮ ውጅግራን ከምንሽር፣ ምንሽርን ከቤልጅግ፣ ቤልጅግን ከዲሞትፈር በተኩሱ ድምፅ ብቻ የሚለይ ነው! ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ቃታ፣ ምላጭ፣ ዝናር፣ ካዝና ብሎ ለያንዳንዱ ዕቃ ስም ያወጣው እሱ ነው። ቃል ያጠረው ቢሮው ነው። አንድ ወረቀት ላይ ጠመንጃ ይሣልና በየክፍሉ አጠገብ ገበሬው የሚያውቀው ስም ይጻፍ፤ ከሥሩ «ይህ ብቻውን ቢያዝ ያስከስሳል፣ ይህ አያስከስስም» ይባል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። በየቀበሌውና በየኬላው ይለጠፍ። ለሁለት መቶ ገጽ ሪፖርት ወረቀት የማያጣ መንግሥት ለዚህ አያጣም። በኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ተለጥፎ አላየሁም።

ባለፈው ጥምቀት መካነ ሰላም ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ ጓሮ አንድ የሚያምር የዋንዛ ሳንቃ ጥላ ሥር ተጋድሟል፤ ሁለት ዓመት ደርቋል፣ ጉጥ የሚባል የለበትም። በእጁ እየደባበሰ «ጋሼ፣ ይኼ ሦስት ሰደፍ ይወጣዋል። ልጥረበው ወይስ ለበር ላድርገው?» አለኝ። አንድ የተማረ ዘመዱ እኔ ነኝና ነው የሚጠይቀኝ።

«ለበር አድርገው» አልኩት።

ምንም አላለኝም። መላጊያውን አንሥቶ ገባ።